ምርመራና ምርምር፦ የሐኪሙና የተመራማሪው የሥራ ጎዳና በታሪክ ሲመዘን

በቋንቋችን ሐኪሙ በሽተኛውን «ይመረምራል»፤ የሳይንስ ሊቁ ደግሞ በተፈጥሮ ምስጢር ላይ «ይመራመራል»። ምርመራና ምርምር የሚባሉት ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ሥራዎቹም እንደ ቃላቱ መነሻቸው አንድ ሲሆን፣ ከጊዜ ብዛት እየተራራቁ ሄደው ዛሬ አንድ ወጣት የሕክምና ትምህርቱን ሲፈጽም «ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ልቁም ወይስ ወደ ላቦራቶሪ ልግባ?» ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ የሚያስገድዱ ሁለት የኑሮ ጎዳናዎች ሆነዋል። በአገራችን ይህ ጥያቄ ሌላም ክብደት አለው። ሐኪም ለሕዝቡ በማይበቃበት አገር አንድ ሐኪም በሽተኛውን ትቶ ወደ ምርምር ቢገባ ቅንጦት አይሆንበትም ወይ? የሚሉ ጥቂቶች አይደሉም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሁለቱን ጎዳናዎች ታሪክ በጥቂት ምሳሌዎች በማነጻጸር ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱን ሙያዎች የሚለያያቸው የዕውቀት ብዛት ወይም የክብር ደረጃ አይደለም። በመጀመሪያ የሚለያያቸው ጥያቄያቸው ነው። ሐኪሙ «ለዚህ በሽተኛ ምን ላድርግለት?» ሲል፣ ተመራማሪው «ይህ በሽታ ከምን ይመጣል?» ይላል። ሁለተኛው ልዩነት ጊዜ ነው። ትኩሳት ያንገበገበው ሕፃን በሌሊት ሲመጣ፣ ሐኪሙ ባለው ዕውቀት እስኪነጋ ድረስ መወሰን አለበት፤ ዕውቀቴ ጎደሎ ነውና ለከርሞ ተመለስ ሊለው አይችልም። በአንጻሩ ተመራማሪው ማስረጃው ሳይሟላ ቢወስን ነውር ይሆንበታል፤ ትዕግሥት የሙያው ግዴታ ነው። ሦስተኛው ስሕተት ነው። የሐኪም ስሕተት ስምና ፊት ስላለው ዕለቱኑ ይታያል፤ የተመራማሪ ስሕተት ግን በሠንጠረዥ ውስጥ ተሸሽጎ ለዓመታት ሊኖርና በብዙ አገር የሚሠሩ ሐኪሞችን ሊያሳስት ይችላል። አራተኛው ምስጋና ነው። የዳነ በሽተኛ ሐኪሙን በስሙ ጠርቶ ይመርቀዋል፤ ተመራማሪው ያዳናቸውን ሰዎች አያውቃቸውም፤ እነርሱም አያውቁትም። እንግዲህ ታሪክ እነዚህን ልዩነቶች በምን ዓይነት ሰዎች ሕይወት እንደገለጣቸው እንመልከት።

በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለቱ ሥራዎች ገና በግልጽ አልተለያዩም ነበር። ለዚህም ዋና ምስክር የሚሆኑት ጀርመናዊው ሮበርት ኮክ ናቸው። ኮክ ከ1872 እስከ 1880 ድረስ፣ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ በምትገኘው በቮልሽታይን ከተማ የወረዳ ሐኪም ሆነው ሠርተዋል። ዩኒቨርሲቲ በአቅራቢያቸው አልነበረም፤ የምርምር በጀትም አልነበራቸውም። ይሁን እንጂ በወረዳቸው አባሰንጋ ከብቱንና ሰውን ይፈጅ ነበርና፣ በሽተኞቻቸውን ካሰናበቱ በኋላ በቤታቸው ውስጥ በማይክሮስኮፕ እየተመለከቱ፣ በአይጦች ላይ እየሞከሩ የበሽታውን ጀርም የሕይወት ዑደት ደረሱበት። በ1876 ሥራቸውን በብሬስላው ለነበሩት ለሊቁ ለፈርዲናንድ ኮን አሳይተው ተቀባይነትን አገኙ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 24 ቀን 1882 በበርሊን የሳንባ ነቀርሳን ጀርም ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ በ1905 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ኮክን ወደ ምርምር የመራቸው የወረዳ ሐኪምነታቸው ነው፤ ጥያቄውን ያገኙት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሥራ ቦታቸው ነበርና።

ይኸው የኮክ ታሪክ ግን ሌላ ገጽ አለው። በ1890 በበርሊን በተደረገው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጉባኤ ላይ የነቀርሳን እድገት የሚገታ ነገር አግኝቻለሁ ብለው ተናገሩ። በኋላ ቱበርኩሊን የተባለው ይህ መድኃኒት ከምን እንደተሠራ ለጊዜው አልገለጹም ነበር። ተስፋ የቆረጡ በሽተኞች ከየአገሩ ወደ በርሊን ጎረፉ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ መድኃኒቱ እንደማይፈውስ፣ እንዲያውም አንዳንዶቹን እንደሚጎዳ ታወቀ፤ የሞቱም ነበሩ። ቱበርኩሊን በኋላ ለበሽታው መመርመሪያ ጠቃሚ ሆነ እንጂ መድኃኒት ሊሆን አልቻለም። የዚህ ውድቀት ምክንያት የዕውቀት ማነስ አልነበረም። ተመራማሪው የራሱን ሙያ ትዕግሥት ትቶ በሐኪሙ ጥድፊያ ስለተናገረ ነው። ሐኪም ቢቸኩል የሚያስቸኩለው በፊቱ የተኛ ሰው አለ፤ ተመራማሪ ሲቸኩል ግን ችኮላው በማያያቸው ሺህ ሰዎች ላይ ይወድቃል።

ሉዊ ፓስተር ደግሞ ከኮክ በተቃራኒ ሐኪም አልነበሩም፤ የኬሚስትሪ ሰው ነበሩ። ሐምሌ 6 ቀን 1885 እብድ ውሻ የነከሰው ጆዜፍ ማይስተር የተባለ የ9 ዓመት ልጅ ከአልዛስ ተነሥቶ በእናቱ እጅ ወደ ፓሪስ ሲመጣ፣ ፓስተር በእንስሳት ላይ የሞከሩት ክትባት በእጃቸው ነበር። ይሁን እንጂ በሕግ ሰው የመርፌ ሕክምና ሊሰጡ አይፈቀድላቸውም ነበርና መርፌውን የወጉት ሐኪሙ ዣክ ግራንሼ ነበሩ። ልጁ 13 ጊዜ ተወግቶ ዳነ። እዚህ ላይ ሊታሰብ የሚገባው፣ ራሳቸው ሐኪም የነበሩት የፓስተር የቅርብ ባልደረባ ኤሚል ሩ ክትባቱን በሰው ላይ ለመሞከር ጊዜው ገና ነው ብለው ማመንታታቸው ነው። ግኝቱ የተመራማሪው ሲሆን፣ በሰው ሰውነት ላይ ለሚደረገው ነገር ተጠያቂ የሚሆነው ግን ሐኪሙ መሆኑን ይህ ታሪክ አስቀድሞ ያሳያል።

በሁለቱ መካከል የቆመ ሰው ምን ዓይነት ችግር እንደሚገጥመው የምንረዳው ደግሞ ከሮናልድ ሮስ ሕይወት ነው። ሮስ በሕንድ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ነበሩ። በለንደን ይኖሩ የነበሩት ፓትሪክ ማንሰን በደብዳቤ እየመከሯቸው፣ ነሐሴ 20 ቀን 1897 በሴኩንደራባድ በአንዲት የወባ ትንኝ ሆድ ውስጥ የወባን ተሐዋሲ አገኙ። በሚቀጥለው ወር ግን ለሐኪምነት ሥራ ወባ እምብዛም ወደማይገኝበት ወደ ኸርዋራ ተዛወሩ። አለቆቻቸው ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፤ የጦር ሐኪም ወደታዘዘበት መሄድ ስላለበት ነው። በ1898 ወደ ካልካታ ተልከው ለምርምር ጊዜ በተሰጣቸው ጊዜ የወፎች ወባ በትንኝ አማካይነት እንዴት እንደሚተላለፍ እስከ መጨረሻው አሳዩ፤ በ1902 ተሸለሙ። ሮስ የጎደላቸው ችሎታ አልነበረም። ጊዜ ነበር። የሕክምና መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው የምርምር ጊዜ ካልሰጡ፣ ምርምር ሊገኝ የሚችለው ከሐኪሙ እንቅልፍ ላይ ተቆርጦ ብቻ ነው።

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለውን ድንበር በጉልህ ያሳየው የኖርዌዩ ሐኪም የጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን ታሪክ ነው። ሐንሰን በ1873 በበርገን ከተማ የሥጋ ደዌን ባሲል አገኙ። ያን ጊዜ በሽታው በዘር የሚወረስ ነው የሚለው እምነት የበረታ በመሆኑ፣ ባሲሉ በእርግጥ በሽታውን የሚያመጣ መሆኑን ለማረጋገጥ ብርቱ ፍላጎት ነበራቸው። ባሲሉ በላቦራቶሪ አልበቅል፣ በእንስሳም ላይ አልያዝ አላቸው። በመጨረሻም በ1879 ከሌላ ሕመምተኛ የተወሰደ ነገር በሆስፒታሉ በተኛች አንዲት ሴት ዓይን ውስጥ፣ ፈቃዷን ሳይጠይቁ ወጉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1880 በተሰጠው ፍርድ ሐንሰን ከሆስፒታል ሐኪምነታቸው ተሻሩ፤ በአገሪቱ የሥጋ ደዌ ጉዳይ ዋና የሕክምና ሹም ሆነው ግን ቀጠሉ።

ፍርዱን ልብ ብለን ብንመለከተው እጅግ የረቀቀ ነው። ዳኞቹ ሰውየውን ከበሽታው ጥናት አላራቁትም፤ ከበሽተኛው አልጋ ግን አራቁት። ያች ሴት ወደ ሆስፒታሉ የገባችው ሐኪም አገኛለሁ ብላ ነበር። በዚያች ሰዓት ግን በፊቷ የቆመው ሐኪም ሳይሆን ተመራማሪ ነበር፤ እርሷም ይህን አላወቀችም። በደሉ በመርፌው ላይ ብቻ አይደለም። ሐንሰን ከሁለቱ ሙያዎች በየትኛው እንደቆሙ ሳይነግሯት በሁለተኛው ሙያቸው ስለሠሩባት ነው። ከዚህ በኋላ ዓለም በናዚ ሐኪሞች የተፈጸመውን ግፍ አይቶ በ1947 የኑረምበርግን ደንብ፣ በ1964 ደግሞ የዓለም ሐኪሞች ማኅበር የሄልሲንኪን መግለጫ ሲያወጡ፣ መሠረተ ሐሳባቸው በበርገን ፍርድ ቤት የታየው ይኸው ነው፦ የሰው ፈቃድ ከዕውቀት ጥማት ይቀድማል።

የሐንሰን ስም በአዲስ አበባም አለ። ስለዚህ አሁን ወደ አገራችን ታሪክ እንመለስ። ዘመናዊው ሕክምና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በመጀመሪያ እንደ ምርምር ሳይሆን እንደ ፈውስ ነው። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ በ1896 የመስኮብ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጡ፤ በ1910 የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። በዘመናዊ ሕክምና ከሠለጠኑት ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው የሚባሉት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፣ በ1868 ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕፃንነታቸው በእንግሊዞች እጅ ወደ ሕንድ ተወስደው በ1882 ከላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት የተመረቁ ናቸው። ኋላ አገር ገዥም፣ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛም ሆነው አገልግለዋል። ሆኖም ሕዝቡ እስከ ዛሬ የሚጠራቸው «ሐኪም ወርቅነህ» ብሎ ነው። ሹመታቸው ተረስቶ ሙያቸው ከስማቸው ጋር መቅረቱ፣ ሕዝባችን ለሐኪም የሰጠውን ቦታ ያመለክታል። ለተመራማሪ እንዲህ ያለ ስም ገና አላወጣንለትም።

የሠለጠነ ሰው ማፍራትም የተጀመረው ከዚሁ ከፈውስ ፍላጎት ነው። በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ዓላማው ለገጠሩ ሕዝብ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን ማሠልጠን ነበር። በ1964 በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ። አገሪቱ ያላት ሐኪም በጣት የሚቆጠር በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ምርምር ይቆይልን ማለት ለብዙዎች ትክክል ሆኖ ቢታይ አይደንቅም። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን የተፈጸሙ ሦስት ታሪኮች ይህን አስተሳሰብ የሚያፈርሱ ናቸው።

የመጀመሪያው የሥጋ ደዌ ታሪክ ነው። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር በነበረው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ላይ በ1965 አለርት የተባለው የሕክምናና የሥልጠና ማዕከል ተመሠረተ። በ1970 ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች እርዳታ በዚያው ግቢ የምርምር ተቋም ተቋቁሞ በአርማወር ሐንሰን ስም ተሰየመ። ስለዚህ ሆስፒታሉና ላቦራቶሪው ጎን ለጎን ቆሙ። በዚያ ዘመን የበሽታው ዋና መድኃኒት ዳፕሶን ነበር። ሐኪሞቹ ግን ለዓመታት መድኃኒቱን የወሰዱ አንዳንድ ሕሙማን በሽታው እንደገና ሲያገረሽባቸው አዩ። ሕመምተኛው ክኒኑን ስላልዋጠ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። እውነቱን ማወቅ የሚቻለው ባሲሉን ከሕመምተኛው ወስዶ በአይጥ መዳፍ ላይ በማሳደግና መድኃኒቱ ይገድለው እንደሆነ በመመልከት ነበር፤ ይህ ዘዴ በ1960 በአሜሪካ በቻርልስ ሼፐርድ የተገኘ ሲሆን ውጤቱን ለማየት ወራት ይፈጃል። በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ሕሙማን ላይ የተደረገው ጥናት ዳፕሶን የማይበግረው ባሲል መኖሩን አረጋገጠ። ከሌሎች አገሮች ከተገኘው ተመሳሳይ ማስረጃ ጋር ተደምሮ፣ የዓለም የጤና ድርጅት በ1981 በአንድ መድኃኒት ፈንታ ብዙ መድኃኒቶች አብረው እንዲሰጡ ወሰነ። በዚህ ታሪክ ሐኪሙ ብቻውን ቢሆን ኖሮ በሽተኛውን ይወቅስ ነበር፤ ተመራማሪው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚፈልግ አያውቅም ነበር።

ሁለተኛው የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ ነው። አክሊሉ የጥገኛ ተሐዋሲያን ሊቅ እንጂ ሐኪም አልነበሩም። በ1964 በዓድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በወንዙ ዳር የበሽታው አስተላላፊ የሆኑት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እናቶቻችን እንዶድን ለልብስ ማጠቢያነት ሲገለገሉበት የኖሩት ከጥንት ጀምሮ ነው፤ ይህን ነገር ግን ጠይቆ ያጣራው አልነበረም። በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ ምርምሩ ቀጠለ፤ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ተባባሪያቸው ሆኑ። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተደረገው የአምስት ዓመት ሙከራ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ሕፃናት ዘንድ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በ1989 ሁለቱ ሊቃውንት ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

እንዲህ ያለ ውጤት ተገኝቶ ሳለ እንዶድ በሰፊው ሥራ ላይ አልዋለም። ዶክተር አክሊሉ ደጋግመው እንደተናገሩት፣ በድኻ አገር ላቦራቶሪ የተገኘ ማስረጃ በታላላቆቹ ድርጅቶች ዘንድ በቀላሉ አይታመንም ነበር፤ ስለ መርዛማነቱ ውድ የሆኑ ምርመራዎች በውጭ አገር እንዲደረጉ ይጠየቅ ነበር፤ ለዚያም ገንዘብ አልነበረም። በዚህ መካከል ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን መጥቶ ዛሬ በሽታውን ለመቆጣጠር በዋናነት የሚሠራበት እርሱ ሆኗል። ክኒኑ ሰውን ያድናል፤ ቀንድ አውጣው ግን በወንዙ ስለሚቀር የዳነው ልጅ ውኃ ውስጥ ሲገባ እንደገና ይያዛል። የተመራማሪ ሕይወት መራራ ገጽ ይህ ነው፦ እውነቱን አግኝቶ፣ እውነቱን የሚሸከምለት ሲያጣ ዕድሜውን በሙግት መጨረስ። ሐኪም እንዲህ ያለ መከራ እምብዛም አይደርስበትም፤ ያዘዘው መድኃኒት ቢሠራ በሳምንቱ ያየዋል።

ሦስተኛው ታሪክ ምርምር የሚገኘው ከላቦራቶሪ ብቻ ነው ለሚሉት መልስ ይሆናል። ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን የተባሉት ባልና ሚስት የማሕፀን ሐኪሞች በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። በምጥ ብዛት ፊስቱላ ደርሶባቸው ከሰው የተለዩ ሴቶች ወደ እነርሱ ይመጡ ጀመር። ሐኪሞቹ አንድ በአንድ ቀዶ ጥገና ከማድረግ ጋር፣ የእያንዳንዷን ሁኔታ፣ የተደረገላትን ሕክምናና ውጤቱን ይመዘግቡ ነበር። በ1966 ሬጂናልድ ሐምሊንና ባልደረባቸው ኒኮልሰን 600 የፊስቱላ ሕሙማንን ስለማከም ያገኙትን ልምድ በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት አወጡ። በ1975 ለዚሁ ሕክምና ብቻ የቆመ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ከሌሎች አገሮችም ሐኪሞች እየመጡ ተማሩበት። እዚህ የምርምሩ መሣሪያ ውድ ማይክሮስኮፕ አልነበረም፤ በጥንቃቄ የተያዘ መዝገብ ነበር። የመጀመሪያዋ ሴት በመዳኗ የተጠቀመችው እርሷ ናት፤ የ600ዎቹ ታሪክ ተመዝግቦ በመታተሙ ግን በሌላ አገር ያሉ፣ ስማቸው የማይታወቅ ሴቶችም ተጠቀሙ።

ከነዚህ ታሪኮች ተነሥተን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ብንመለስ፣ ሐኪም በማይበቃበት አገር ምርምር ቅንጦት ነው የሚለው አስተሳሰብ ትክክል ሆኖ አይገኝም። እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሐኪም ጥቂት በሆነበት አገር እያንዳንዱ ሐኪም የማይሠራ መድኃኒት በማዘዝ የሚያባክነው ጊዜ ከሌላው አገር ይልቅ የከፋ ነው። ከዚህም በላይ የእኛን ወንዝ፣ የእኛን ቀንድ አውጣና የእኛን ሕሙማን ሌላው ዓለም በራሱ ተነሣስቶ አይጠይቅልንም፤ ቢጠይቅም የሚጠይቀው በራሱ ጊዜና ለራሱ ጥቅም ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ከበሽተኛው የራቀ ምርምር የማይጠቅም ሊሆን፣ ከዚያም አልፎ ሐንሰን እንዳደረጉት ሰውን እንደ መሣሪያ ሊቆጥር ይችላል።

እንግዲህ መንገዱን ገና ለሚመርጡ ወጣት ባልደረቦቻችን የሚሰጠው ምክር ይህ ነው። ዕለት ዕለት የሰው ፊት እያየ፣ ባልተሟላ ዕውቀት መወሰንን የማይፈራና በሌሊት መጠራትን የሚችል ሰው ሐኪምነትን ይምረጥ። ለአሥር ዓመት አንድ ጥያቄ ተሸክሞ መጓዝን የሚችል፣ ምስጋና ሳያገኝ የማይከፋውና ውጤቱ ተቃራኒ ሆኖ ሲወጣ እውነቱን ለመናገር የሚደፍር ሰው ምርምርን ይምረጥ። ሁለቱንም የሚይዝ ሰው ደግሞ ከሁለቱ ይልቅ ከባድ ሸክም አለበት፤ በእያንዳንዱ ሰዓት በየትኛው ሙያው እንደቆመ ራሱ ማወቅና በፊቱ ላለው ሰው በግልጽ መናገር ግዴታው ነውና።

ሐኪምነትን የመረጠውም ቢሆን ከምርምር ፈጽሞ አይለይም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረታችን ለበሽተኛ ብቻ የተነገረ ሊመስለን አይገባም። ያየውን ሳይመዘግብ፣ ያልሠራለትን መድኃኒት ሳያስታውቅ፣ የሞተበትን በሽተኛ ምክንያት ሳይጽፍ የሚያልፍ ሐኪምም በሽታውን ይደብቃል። መሥሪያ ቤቶቻችን ለሐኪሙ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ቢለቁለት፣ ተመራማሪውም በወር ጥቂት ቀን በተኝቶ ታካሚዎች ክፍል እንዲገኝ ቢደረግ፣ ወጪው ጥቂት ሲሆን ጥቅሙ የብዙ ዓመት ይሆናል። በዘነበወርቅ ግቢ ሆስፒታሉና ላቦራቶሪው ጎን ለጎን የቆሙት በአጋጣሚ አይደለም። በሌሎች ሆስፒታሎቻችንም እንዲሁ እንዲሆን መጣር የዚህ ትውልድ ባለሙያዎች ድርሻ ነው።